ኤክስ ዊንግ፦ ስለ ፋክሽን ሚዛንና ስለ ስኳድ አመሠራረት ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

በጠረጴዛ ላይ በትንንሽ ሞዴሎች የሚካሄዱ የጦርነት ጨዋታዎች ብዙ ናቸው። እዚህ የያዝነው አንዱን ብቻ ነው፤ ኤክስ ዊንግን። የጨዋታ ሚዛን እንዴት እንደሚዛባ፣ እንዴት እንደሚጠገን፣ ጥገናው ራሱ ደግሞ እንዴት ሌላ ጣጣ እንደሚያመጣ በዚህ ጨዋታ ታሪክ ውስጥ ቁልጭ ብሎ ይታያል። ሌላ ጨዋታ የምትጫወቱም ብትሆኑ ብዙው ነገር ይሠራላችኋል።

ለመሆኑ ኤክስ ዊንግ ምን ዓይነት ጨዋታ ነው?

የስታር ዋርስ ፊልሞች ተዋጊ የጠፈር መርከቦች ውጊያ ነው። ፋንታሲ ፍላይት ጌምስ የተባለ የአሜሪካ ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ2012 አወጣው። ሜዳው በየጎኑ 91 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው፤ ተራ የምግብ ጠረጴዛ ይበቃል። ሁለት ተጫዋቾች ለእያንዳንዱ መርከባቸው የሚሄድበትን መንገድ በክብ ዳያል ላይ በምስጢር ይመርጣሉ። ከዚያ ዳያሉ ይገለጣል፣ መርከቦቹ ይንቀሳቀሳሉ፣ በመጨረሻም ዳይስ እየተጣለ ይተኳኮሳሉ። የጨዋታው ልብ ያለው ዳያሉ ላይ ነው። ሰውየው አሁን ምን እያሰበ ነው? እሱስ እኔ ምን አስባለሁ ብሎ ነው የሚያስበው?

አሁንም ይሸጣል?

ማምረቱ ቆሟል። ጨዋታውን ከፋንታሲ ፍላይት የተረከበው አቶሚክ ማስ ጌምስ እ.ኤ.አ. በ2024 ከዚህ በኋላ አዲስ ነገር እንደማይሠራለት አስታወቀ። ተጫዋቹ ግን አልተበተነም። በጎ ፈቃደኞች የነጥብ ዝርዝሩን (የእያንዳንዱን መርከብ ዋጋ) እያደሱ በነፃ ያወጣሉ፣ ውድድርም ያዘጋጃሉ። ሁለት ጎራዎች አሉ። አንዱ የ2018ቱን ሁለተኛ እትም በ200 ነጥብ ስኳድ (አንድ ተጫዋች የሚያሰልፋቸው መርከቦች ስብስብ) ይዞ የቀጠለው ሌጋሲ የሚባለው ነው። ሌላው ከ2022 ወዲህ ያለውን ሕግ ይዞ የሄደው ነው። የትኛው ይሻላል ብሎ መጠየቅ የሁለት እግር ኳስ ቡድን ደጋፊዎችን አንድ ክፍል ውስጥ ቆልፎ እንደ መውጣት ነው። አካባቢያችሁ ያሉት ሰዎች የሚጫወቱትን ተጫወቱ።

ስንት ፋክሽን (የሚዋጋ ወገን) አለ? በምንስ ይለያያሉ?

ሰባት ናቸው። ሲጀመር ሪቤልና ኢምፓየር ብቻ ነበሩ። ስከም የሚባሉት ወንበዴዎችና ቅጥረኞች እ.ኤ.አ. በ2015 ራሳቸውን የቻሉ ፋክሽን ሆኑ። በሁለተኛው እትም ፈርስት ኦርደርና ሬዚስታንስ ከእናት ፋክሽኖቻቸው ተለዩ። ሪፐብሊክና ሴፓራቲስት ደግሞ በ2019 ተጨመሩ።

ልዩነታቸው ስም ብቻ አይደለም። የኢምፓየሩ ታይ ፋይተር ጋሻ የለውም፤ አካሉም (የሚችለው ምት) 3 ብቻ ነው። ግን ሦስት የመከላከያ ዳይስ ይጥላል፣ ዋጋውም ርካሽ ነው። የሪቤሉ ኤክስ ዊንግ በሁለተኛው እትም ሦስት የጥቃት ዳይስ፣ ሁለት የመከላከያ ዳይስ፣ 4 አካልና 2 ጋሻ አለው። ኢምፓየር «አልመታም» ብሎ ይጫወታል፤ ሪቤል «ብመታም አልወድቅም» ብሎ። ስከም ሸረኛ ነው፤ አንዳንዴ የራሱን ወዳጅ ጎድቶ ይጠቀማል። የሴፓራቲስት ድሮኖች በመንጋ መጥተው የስሌት ቶክናቸውን (የዳይስ ውጤት የሚያሻሽል ምልክት) እርስ በርስ ይዋዋሳሉ። ሪፐብሊክ ክሎኖችንና ጄዳዮችን ያጣምራል፤ ጄዳዮቹ በየዙሩ የሚመለስ የፎርስ ኃይል አላቸው።

ታዲያ የትኛው ፋክሽን ነው ጠንካራው?

በጣም የሚጠየቀው ጥያቄ ይሄ ነው፤ በጣም የማይጠቅመውም ይሄው ነው። ውድድር የሚያሸንፈው ፋክሽን አይደለም። ዋጋው ከሚሠራው ሥራ ያነሰ መርከብ ነው የሚያሸንፈው። አንድ ፋክሽን ውስጥ ሃምሳ ፓይለት (የመርከብ አብራሪ ካርድ) ቢኖር ውድድር ላይ የሚታዩት አምስት ወይም ስድስት ናቸው። ሌሎቹ ዋጋቸው አያዋጣም። ስለዚህ «ኢምፓየር ጠነከረ» ሲባል ብዙ ጊዜ የጠነከረው አንድ ፓይለት ወይም አንድ ካርድ ነው። የነጥብ ዝርዝሩ ሲታደስ እሱ ይወደድና «ኢምፓየር ሞተ» ይባላል። ያው ኢምፓየር ነው።

ለጀማሪ የምመክረው አንድ ነው፦ መልኩን የምትወዱትን ምረጡ። ብዙ ጊዜ ስለምትሸነፉ ቢያንስ የምታዩት መርከብ ደስ ይበላችሁ።

ሚዛኑ እንዴት ነው የሚጠበቀው?

እዚህ ጋ ትንሽ ልዘርዝር፤ ዋናው ነገር እዚህ ስላለ።

በመጀመሪያው እትም ስኳድ 100 ነጥብ ነበር። የእያንዳንዱ ፓይለት ዋጋ ካርዱ ላይ ታትሟል። በጣም ርካሹ ታይ ፋይተር 12 ነጥብ ነበር፤ ስምንቱ 96። ታተመ ማለት አለቀ ማለት ነው። ስህተት ቢኖር በዓለም ዙሪያ ያለውን ካርድ መሰብሰብ አይቻልም። እና ምን ተደረገ? ማስተካከያው በአዲስ ካርድ መጣ። ኤ ዊንግ ተወዷል ሲባል ዋጋውን በ2 ነጥብ የሚቀንስ ካርድ ወጣለት። የዳርት ቬደር መርከብ፣ ታይ አድቫንስድ፣ ለረጅም ጊዜ ማንም የማይመርጠው ነበር። መድኃኒቱ የመጣው በአንድ ግዙፍ የኢምፓየር መርከብ ሳጥን ውስጥ ነው። ሳጥኑ 100 ዶላር ገደማ ያወጣ ነበር። ቬደርን የሚወድ ሰው ለጥቂት ካርዶች ሲል ጠረጴዛው ላይ የማያሰልፈውን መርከብ ይገዛል። ተጫዋቾች ያማረሩት ዝም ብለው አልነበረም።

በጣም የጠነከረ ነገር ሲወጣ ደግሞ ዋጋውን መጨመር ስለማይቻል ሕጉን መቀየር ግድ ሆነ። በ2014 የመጣው ታይ ፋንተም ከተደበቀበት ወደ ጎን ተንሸራትቶ የሚወጣው ልክ ራሱ ሊንቀሳቀስ ሲል ነበር። ጥሩ ፓይለት ከተቀመጠበት ሁሉም ተንቀሳቅሶ ካበቃ በኋላ ነው የሚመርጠው። ተቃዋሚ የት ይተኩስ? በኋላ ሕጉ ተቀይሮ መውጣቱ በእንቅስቃሴው ምዕራፍ መጀመሪያ ላይ ሆነ። በ2016 ደግሞ የስከሙ ጃምፕማስተር መጣ። ሦስቱን አሰልፎ ቶርፔዶ ማዝነብ ፋሽን ሆነ። አሁንም ሕግ ተቀየረ፤ ቶርፔዶውን የሚያቀልለው ካርድ ለትንንሽ መርከቦች ብቻ ተባለ።

ሁለተኛው እትም በ2018 ሲወጣ ትልቁ ለውጥ ዋጋው ከካርዱ ላይ መነሳቱ ነው። ነጥቡ በኢንተርኔትና በስልክ መተግበሪያ ብቻ ይወጣ፣ በዓመት ሁለት ጊዜ ያህልም ይታደስ ነበር። ስኳዱም 200 ነጥብ ሆነ። ለምን 200? መቀነሻና መጨመሪያው እንዲደቅ ነው። ባለ 12 ነጥብ መርከብ ላይ 1 ነጥብ ብትጨምሩ ከ8 በመቶ በላይ ነው። ባለ 24 ላይ 1 ብትጨምሩ 4 በመቶ ገደማ። ሌላም ብልሃት መጣ፦ አንዳንዱ አፕግሬድ (መርከብ ላይ የሚጨመር ካርድ) ለሁሉም እኩል ዋጋ አይሸጥም። ተጨማሪ ጋሻ በቀላሉ ለማይመታ ቀልጣፋ መርከብ ውድ ነው፣ ለዝግተኛው ርካሽ። ልክ ነው፤ አንድ ጋሻ እኩል የሚጠቅመው ለሁሉም አይደለምና።

በ2022 ነገሩ ወደ ሌላ አቅጣጫ ዞረ። ስኳድ 20 ነጥብ ብቻ ሆነ። እያንዳንዱ ፓይለት ከነጥቡ ሌላ ለአፕግሬድ ብቻ የሚውል የራሱ በጀት ተሰጠው። በጀቱ ቢተርፍ ለጎረቤት መርከብ አይተላለፍም። ሐሳቡ ሰው ስኳዱን ቶሎ እንዲሠራና ያልተለመዱ አፕግሬዶችም እንዲታዩ ነው። ይሄን ያሳካ ይመስለኛል። ሂሳቡ ግን ደነደነ። 2 ነጥብ የሚያወጣ መርከብ ጥቂት ጠንከር ካለ ምን ታደርጉታላችሁ? ወደ 3 ማሳደግ 50 በመቶ ጭማሪ ነው። ስለዚህ ነጥቡን ትተው በጀቱን ይነካካሉ። አፕግሬድ የማይፈልግ ራቁቱን የሚበር መርከብ ላይ ደግሞ በጀት መቀነስ ምንም አያመጣም። በእኔ ግምት ይሄ የ20 ነጥቡ ሥርዓት ትልቁ ድክመት ነው።

ፍጹም ሚዛን ይቻላል?

አይቻልም፤ ቢቻልም አሰልቺ ነው። ሁሉም እኩል ከሆነ የስኳድ ምርጫ ትርጉም የለውም። የሚፈለገው እያንዳንዱ ጠንካራ ስኳድ የሚፈራው ሌላ ስኳድ እንዲኖር ነው። በመጀመሪያው እትም ይሄ በሦስት ማዕዘን ይገለጽ ነበር። በሁሉም አቅጣጫ የሚተኩሱት መርከቦች ቀልጣፋዎቹን አምላጮች ይረታሉ፣ አምላጮቹ ፊት ለፊት የሚገጥሙትን ይበልጣሉ፣ ፊት ለፊት የሚገጥሙት ደግሞ ትልልቆቹን ተኳሾች ያፈርሳሉ። ማዕዘኑ አንድ ጎኑ ሲረዝም ነው ችግሩ። ሚሌኒየም ፋልከን ወደ የትም እየበረረ 360 ዲግሪ ሲተኩስ ለማምለጥ መልፋት ዋጋ አጣ። ለዚህ ነው ሁለተኛው እትም ላይ ተኳሹ ማማ በአክሽን (መርከቡ ከተንቀሳቀሰ በኋላ በሚያደርገው ተግባር) እየተሽከረከረ ወደ ተመረጠ አቅጣጫ ብቻ እንዲተኩስ የተደረገው።

ብዙ ርካሽ መርከብ ይሻላል ወይስ ጥቂት ውድ?

«ለአንድ ብርቱ ሁለት መድኃኒቱ» ይባል የለ? ይሄ ነገር ሂሳብም አለው። ፍሬድሪክ ላንቸስተር የተባለ እንግሊዛዊ መሐንዲስ በአንደኛው የዓለም ጦርነት ዘመን ቀመር አውጥቶለታል። ሁሉም በሁሉም ላይ መተኮስ በሚችልበት ውጊያ የቡድን ጉልበት ከቁጥሩ ጋር ሳይሆን ከቁጥሩ ስኩዌር ጋር ያድጋል። ስድስት መርከብ ተመሳሳይ ከሆኑ ሦስት ጋር ቢጋጠም ጉልበቱ 36 ለ9 ነው። ሦስቱ ሲያልቁ ከስድስቱ አምስት ያህሉ ቆመው ይቀራሉ። ሦስት አይደለም፤ አምስት!

እንግዲህ ሁልጊዜ መንጋ አሰልፈን ለምን አንገላገልም? ቀመሩ «ሁሉም በሁሉም ላይ መተኮስ ሲችል» ስለሚል ነው። ኤክስ ዊንግ ላይ የመተኮሻ ማዕዘን አለ። ርቀትም አለ፤ መለኪያው ሦስት ክልል፣ በጠቅላላው 30 ሴንቲ ሜትር ነው። ጎበዝ አብራሪ የሚሠራው ሥራ ስምንቱን መርከብ በየዙሩ ወደ ሁለት ማውረድ ነው። ከጎን ይገባል፣ በድንጋይ (ሜዳው ላይ በተቀመጠ መሰናክል) ይጋረዳል፣ መንጋው ሲዞር ሁለቱ ብቻ ያዩታል። ያኔ ቀመሩ ለእሱ ይሠራል።

ይሄን እንዲያደርግ የሚያስችለው ኢኒሼቲቭ ነው። በሁለተኛው እትም ፓይለቶች ከ1 እስከ 6 ኢኒሼቲቭ አላቸው። ዝቅተኛው ቀድሞ ይንቀሳቀሳል፣ ከፍተኛው መጨረሻ። ሲተኮስ ግን ከፍተኛው ቀድሞ ነው። ማለትም ኢኒሼቲቭ 6 የሆነው የኢምፓየሩ አብራሪ ሱንቲር ፌል ሁላችሁም የቆማችሁበትን አይቶ ቦታውን ያስተካክላል፣ ከዚያም ሳትተኩሱበት ይተኩሳል። ያስቀናል። በመጀመሪያው እትም ሱንቲር 27 ነጥብ ነበር። ድንጋጤ (መርከቡን የሚያደክም የስትረስ ቶክን) ሲደርስበት ነፃ የፎከስ ቶክን (ዳይሱ ላይ ያለውን የፎከስ ምልክት ወደ መምቻ ወይም ማምለጫ የሚቀይር) ያገኛል። 3 ነጥብ ከፍላችሁ ሁለት አክሽን አሠርቶ ድንጋጤ የሚሰጥ ካርድ ስትጨምሩለት ጉዳቱ ራሱ ጥቅም ይሆናል። እንደዚህ ዓይነት መገጣጠም ማግኘት ነው የስኳድ ሥራ ጣዕሙ። ሙሉ ልብሱን ስታለብሱት 35 ነጥብ ደረሰ፤ ከስኳዱ ሲሶ በላይ። ያ ሁሉ የተሸከመው ደግሞ 3 አካል ላይ ነው፤ ጋሻ የለ።

መንጋውም የራሱ መፍትሔ አለው። ርካሽና ዝቅተኛ ኢኒሼቲቭ ያለው መርከብ ቀድሞ ስለሚንቀሳቀስ የአምላጩ መንገድ ላይ ሄዶ ይቆማል። አምላጩ ሲጋጨው አክሽኑን ያጣል። ያለ ቶክን የቆመ ሱንቲር ደግሞ ተራ መርከብ ነው።

መካከለኛው መንገድ፣ ማለትም አራት ወይም አምስት ጠንከር ያሉ መርከቦች፣ ለጀማሪ ይሻለዋል። ስምንት ዳያል ማስተዳደር አንጎል ያዞራል። ሁለት መርከብ ይዞ ደግሞ አንድ ስህተት ጨዋታውን ይጨርሳል።

የዳይሱን ሂሳብ ማወቅ አለብኝ?

ትንሿን፣ አዎ። ዳይሱ ስምንት ገጽ አለው። ቀዩ (የጥቃቱ ዳይስ) ላይ ሦስት መምቻ፣ አንድ ከባድ መምቻ፣ ሁለት የፎከስ ምልክትና ሁለት ባዶ አለ። ያለ ቶክን አንድ ቀይ ዳይስ የመምታት ዕድሉ 50 በመቶ ነው። ፎከስ ካላችሁ 75 ይሆናል። ኢላማ ቆልፋችሁ ዳግም ብትጥሉም ያው 75። ሁለቱም ካሉ 94 በመቶ ገደማ። አረንጓዴው (የመከላከያው) ግን ደከም ይላል፦ ሦስት ማምለጫ፣ ሁለት ፎከስ፣ ሦስት ባዶ። ያለ ቶክን 37.5 በመቶ፣ በፎከስ 62.5።

ከዚህ የሚወጣው ትምህርት አንድ ነው፦ ጥቃት ከመከላከል ይበልጣል፣ ቶክን ደግሞ ከዳይስ ይበልጣል። ሦስት አረንጓዴ ዳይስ ያለ ቶክን ስትጥሉ አንድም ማምለጫ የማታገኙበት ዕድል 24 በመቶ ነው። በፎከስ ግን ወደ 5 በመቶ ይወርዳል። «ዳይሱ ከዳኝ» የሚሉ ሰዎች ብዙ ጊዜ ቶክን ሳይዙ የጣሉ ናቸው።

ርቀትንም አትርሱ። በቅርቡ ክልል አጥቂው አንድ ዳይስ ይጨምራል፣ በሩቁ ተከላካዩ። ሁለት ቀይ ዳይስ ብቻ ያለው ታይ ፋይተር ተጠግቶ ሦስት ሲጥል ጉልበቱ በግማሽ አደገ ማለት ነው። ለባለ አራት ዳይስ ያ ጭማሪ ሩብ ብቻ ነው። መንጋ መጠጋት የሚወደው ለዚህ ነው።

አፕግሬድ ምን ያህል ልጫን?

ከምታስቡት ያነሰ። አዲስ ተጫዋች መርከቡን እንደ ሙሽራ ይሸልመዋል፤ ከዚያ በሁለተኛው ዙር ይመታበታል። ከመጫናችሁ በፊት ጠይቁ፦ ይህ ካርድ በየዙሩ ይሠራል ወይስ አንዴ? የሚሠራው እኔ ስፈልግ ነው ወይስ ተቃዋሚ ሲፈቅድልኝ? በዚህ ነጥብ ተጨማሪ መርከብ ማስገባት አልችልም ነበር? ሦስተኛው ጥያቄ ብዙ ካርድ ያስጥላል።

አክሽን ሳይወስድ ቶክን ወይም ዳግም መጣል የሚሰጥ ነገር ብዙ ጊዜ ዋጋውን ይመልሳል። የኢምፓየሯ ሃውልራነር ምሳሌ ናት። አጠገቧ ያሉ ታይ ፋይተሮች ሲተኩሱ አንድ ዳይስ ዳግም እንዲጥሉ ታደርጋለች። ሰባት ጓደኛ ካላት ሰባት ጊዜ ሠራች ማለት ነው። ችግሩ፣ ይህን እናንተ ብቻ አይደላችሁም የምታውቁት። መጀመሪያ የምትመታው እሷ ናት። የመጀመሪያው ተኩስ ሲከፈት ከፊት ሳይሆን ከኋላ ወይም ከዳር አስቀምጧት።

ነጥብ ሳልጨርስ ስኳድ ባስገባ ሞኝነት ነው?

በ200 ነጥቡ ጨዋታ አይደለም። ሁለት ፓይለቶች እኩል ኢኒሼቲቭ ካላቸው ማን መጨረሻ ይንቀሳቀስ የሚለው ወሳኝ ነው። እዚያ ላይ የመምረጥ መብቱ ያነሰ ነጥብ ያወጣው ሰው ነው። ስለዚህ አምላጭ የሚያሰልፉ ሰዎች ጥቂት ነጥብ ሆን ብለው ያስቀራሉ። ሁለቱም ይህን ሲያስቡ ወደ ጨረታ ይለወጣል፤ ማን ይበልጥ ይተው? መንጋ የሚያበር ሰው ግን ለጨረታው ደንታ የለውም፤ እስከ መጨረሻዋ ነጥብ ያውጣ። ከ2022 ወዲህ ባለው ሕግ ይሄ ቀርቶ ቅደም ተከተሉ በየዙሩ በዕጣ ሆኗል። ጨረታው መቅረቱ ጥሩ ነው፤ ዕጣው ግን የአምላጮችን እቅድ ያበላሻል ብለው የሚያጉረመርሙ አሉ። እኔም ከእነሱ ጋ ነኝ።

ተልዕኮ ያለበት ጨዋታ ስኳዱን ይቀይረዋል?

በጣም። ድሮ ግቡ መግደል ብቻ ነበር። አንድ ሁለት መርከብ ገድሎ ሰዓቱ እስኪያልቅ መሸሽ ያዋጣ ነበር። ከ2022 ወዲህ ባለው ሕግ ሜዳው ላይ የሚያዝ ወይም የሚነሳ ነገር አለ፤ እዚያ ያልሄደ የተልዕኮ ነጥብ አያገኝም። ሁለት መርከብ ብቻ ማሰለፍም አይቻልም፣ ቢያንስ ሦስት። ስኳዱ ውስጥ ሄዶ የሚይዝ ርካሽ መርከብ ያስፈልጋል፤ እሱን የሚጠብቅ ሌላም ያስፈልጋል።

የሻምፒዮን ስኳድ ከኢንተርኔት መገልበጥ ነውር ነው?

ምንም ነውር የለውም። ግን የገለበጣችሁት ካርዱን እንጂ እጁን አይደለም። ያ ሰው መጀመሪያ የት እንደሚያሰልፍ፣ ድንጋይ የት እንደሚያስቀምጥ፣ በየትኛው ዙር እንደሚገባ ዝርዝሩ ላይ አይጻፍም። ከገለበጣችሁ ሳትነካኩት ደጋግማችሁ ተጫወቱት። በሦስተኛው ሽንፈት ካርድ መቀየር የጀመረ ሰው ምን እንደጎደለው በጭራሽ አያውቅም።

ስኳዴ ነው መጥፎው ወይስ እኔ?

አብዛኛውን ጊዜ እናንተ ናችሁ፤ አትቀየሙኝ። ፖል ሂቨር የተባለው ተጫዋች በመጀመሪያው እትም ዘመን ሦስት ጊዜ የዓለም ሻምፒዮን ሆኗል። ካርዱን ሁሉም ሰው መግዛት ይችል ነበር።

መለያ መንገድ አለ። ከሽንፈት በኋላ ዳይሱን ትታችሁ መርከባችሁ ሲሞት የት ቆሞ እንደነበር አስታውሱ። ሦስት ጠላት እያየው፣ ቶክን ሳይኖረው ከሞተ የበረራ ስህተት ነው። በጥሩ ቦታ፣ በቶክን፣ አንድ ጠላት ብቻ እያየው ደጋግሞ ከሞተ ያኔ ስኳዱን ጠርጥሩት። የእናንተ ሦስት መርከብ አንዱን ጠላት ከቦ ሁለት ዙር ሙሉ መግደል ካቃተው ደግሞ ጥቃታችሁ ሳስቷል።

የማሸነፍ ፐርሰንት የሚያሳዩ ሰንጠረዦችን ልመን?

ስንት ጨዋታ እንደተቆጠረ ሳታዩ አትመኑ። ፍጹም እኩል የሆነ ስኳድ 100 ጊዜ ቢጫወት ከ40 እስከ 60 የትኛውንም ያህል ማሸነፍ በዕድል ብቻ ያጋጥማል። ስለዚህ በ100 ጨዋታ 55 በመቶ ምንም አይናገርም። ጨዋታው 1000 ሲሆን ግን የዕድሉ ስፋት ወደ 3 በመቶ ከፍና ዝቅ ስለሚጠብ 55 መናገር ይጀምራል። ሌላው ወጥመድ ሰዉ ራሱ ነው። ጎበዞች አንድ ፋክሽን ላይ ሲሰፍሩ የፋክሽኑ ቁጥር ያድጋል። ጀማሪ የሚወደው ፋክሽን ደግሞ ካለ ኃጢአቱ ደካማ ይመስላል።

በመንጋ ስጫወት መርከቦቼ እርስ በርስ እየተጋጩ አስቸገሩኝ። ምን ላድርግ?

ሁሉም ተጋጭቶ ነው የተማረው። ስታሰልፉ በመርከቦቹ መካከል ትንሽ ክፍተት ተዉ። ትንሹ መቆሚያ 40 ሚሊ ሜትር ነው፤ የአንድ ጣት ክፍተት ብዙ ስህተት ያድናል። መንጋው ቀጥ ብሎ ሲሄድ ለሁሉም ያንኑ እንቅስቃሴ ምረጡ። ስትዞሩ የውስጠኛው ረድፍ ዘገምተኛውን፣ የውጪው ፈጣኑን ይውሰድ። እኩል ኢኒሼቲቭ ካላቸው ከፊት ያሉትን አስቀድማችሁ አንቀሳቅሱ። ድንጋዮቹን ስታስቀምጡ የእናንተን ወገን ክፍት፣ የተቃዋሚን ጥግ የተጨናነቀ አድርጉ። አምላጭ የሚያበር ሰው ደግሞ የዚህን ተቃራኒ ስለሚፈልግ ድንጋይ ማስቀመጡ ራሱ የመጀመሪያው ውጊያ ነው።

ሞዴሎቹን ሳልገዛ መለማመድ ይቻላል?

ይቻላል። ስኳድ መሥሪያ ድረ ገጾች በነፃ አሉ፤ ያስብ (YASB) የሚባለው በብዛት ይሠራበታል። ፋክሽን ትመርጣላችሁ፣ ነጥቡን ራሱ ይደምራል፣ የማይፈቀደውን ይከለክላል። ለመጫወት ደግሞ ቫሳል የተባለ ነፃ ፕሮግራም አለ። ምስሉ አያምርም፣ ግን አዲስ አበባ ያለ ሰው ዋሽንግተን ካለ ወዳጁ ጋር ማታ ማታ መግጠም ይችላል። ሞዴሎቹ ሱቅ ውስጥ ስላለቁ ሁለተኛ እጅ ከመፈለጋችሁ በፊት እዚያ ላይ ጥቂት ወር ብትቆዩ ገንዘባችሁን የት እንደምታውሉ ታውቃላችሁ።

ሁለተኛ እጅ ስገዛ ምን ልጠንቀቅ?

የመጀመሪያው እትም ካርዶች በሁለተኛው አይሠሩም። መርከቡ ይሠራል፣ ካርዱና ዳያሉ ግን የሁለተኛው እትም መሆን አለባቸው፤ ለዚህ ተብሎ የተሸጠ የመቀየሪያ ሳጥን ነበር። ሻጩ «ሙሉ ነው» ካላችሁ ዳያሎቹን ቆጥሩ። አንዱ ፋክሽን ላይ አራት ወይም አምስት መርከብ ሳይሞላችሁ ሌላውን አትጀምሩ። ጓደኛችሁ ደግሞ ሌላ ፋክሽን ቢይዝ የተሻለ ነው፤ ተበዳድራችሁ ትጫወታላችሁ።